የጌም ቤቱ ሠራተኛ

ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ዛሬ ጌም ቤቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜ አሕመድኑር፣ አሰላሙ አለይኩም። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሪያድስ እንዴት ይዞሃል?

የላክሃቸው ፕሌይስቴሽኖች ይሠራሉ። በረመዳን ሠራተኛችን ምንይችል ቤቱን ይዞልኝ፣ እኔ ለማፍጠር ወደ እናታችን እሄድ ነበር። ለጥምቀት ግን ገበያ አለ ብዬ አሠራሁት፤ ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ እሱ ጆይስቲክ ይጠግን ነበር።

«እትዬ ፈርሂያ፣ ሪያድ እንኳ ጁምዓ እረፍት ነው አሉ» ብሎኝ ሳቀ። ደመወዙም ሦስት ዓመት ንቅንቅ አላለም። ትናንት ፓስፖርት ሊያወጣ ደሴ ሄደ።

ልጨምርለት አስቤያለሁ። ደውሎ ስለዚያ አገር ሥራ ከጠየቀህ፣ ሙቀቱን አትደብቀው።

እናታችን ዱዓ ታደርግልሃለች። አላህ በደህና ያገናኘን። እህትህ ፈርሂያ።

የደሴው አውቶቡስ ገባ አሉ፤ ተጫዋቾቹን እንደተቀመጡ ትቼ ወጣሁ።