ለድንጋይ መንገድ አዙረው ለጠንቋይ መደርደሪያ ለነፈጉን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሲግትሪጉር ሃልሶን፣
የብሬኩቪክ ከተማ የትምህርትና የባህል ጉዳዮች ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩ ባለቤትዎና ባለፈው ሳምንት አጥሬን ዘሎ ገብቶ የሰቀልኩትን ደረቅ ዓሣ ለቀመሰው ውሻዎ ጭምር ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። የወገብዎ ሕመምም እንደተሻለዎት አምናለሁ፤ ሰሞኑን ከከተማችን ሙቅ የመዋኛ ገንዳ ዘለው ሲወጡ ሳይዎት ወገቡን ያመመው ሰው አልመሰሉኝምና እሰየው ብያለሁ። እኛ በበኩላችን በረዶው መስኮታችን ጋ ከመድረሱ በቀር ደህና ነን።

አንቱ ስልዎት ግር እንዳይልዎት። በአገራችን አንቱ መባባል ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጳጳሱንም፣ ሚኒስትሩንም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁንም በየስማቸው አንተ እያልን ነው የምንጠራቸው። እንዲህ በሆነበት አገር አንድ ሰው ድንገት ተነሥቶ ሌላውን «እርስዎ» ካለው፣ ወይ መቶ ዓመት ሞልቶታል ወይ ደሙ ፈልቷል ማለት ነው። እኔ፣ ክቡር ሆይ፣ ገና ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።

ነገሩን እንደ ወጋችን ገንዳ ውስጥ ልነግርዎት ነበር። የዚህ ከተማ ጉዳይ ሁሉ፣ የዓሣ ኮታውም ሆነ የፍቺው ወሬ፣ እዚያው እስከ አንገታችን ተነክረን የምንጨርሰው አይደል? ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ካወራን ወዲህ እኔ አንድ እግሬን ሳስገባ እርስዎ ሁለቱንም ስለሚያወጡ፣ በከተማችን ጋዜጣ በኩል ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጋዜጣውን ሲያነቡ ቢያንስ ደረቅ ቦታ ላይ ይሆናሉ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የቤተ መጻሕፍታችን የሳቅ መደርደሪያ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች ላስረዳና፣ በሩ አጠገብ ባለችው ቢጫ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ትልቅ ሰው የመረጠው መጽሐፍ ሳይሆን ልጆች ለልጆች «አንብቡት» ብለው የጠቆሙት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሙቁ ገንዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቶርጌይር ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አጥልቆ ዳር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ልጆቹ በየተራ ያነበቡትን አስቂኝ፣ አስማትና ጀብዱ ያለበትን መጽሐፍ ያወራሉ። ሰሚዎቹ ከሳቁ፣ ወይም አንዱ «ቀድሜ ጠይቄያለሁ፣ ማንም እንዳይነካው» ካለ፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። ማንም ካልሳቀ ግን ተናጋሪው ገንዳው አጠገብ ያለው የቀዝቃዛ ውኃ በርሜል ውስጥ ገብቶ ይወጣል። መጽሐፍ ይዞ ውኃ መግባት ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ የገባው መጽሐፍ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነው የወጣው።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ የጥቆማ ምሽት አለ። ልጆቹ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በከተማው ሰው ሁሉ ፊት ቆመው መጽሐፋቸውን ያወራሉ። በገና ዋዜማ እንደ ወጋችን ትንሹም ትልቁም መጽሐፍ ተሰጥቶት ቸኮሌቱን ይዞ አልጋው ውስጥ ስለሚገባ፣ ወላጅ ለልጁ ምን እንደሚገዛ የሚያውቀው ያን ምሽት ነው።

ጥቅምት ላይ የእርስዎ መመሪያ ደረሰ፤ «በእውን የሌሉ ፍጥረታትን የያዙ መጻሕፍት ከልጆች መደርደሪያና ከጥቆማ ምሽቱ ተነሥተው በእውን ባሉ ነገሮች ላይ ባተኮሩ ጠቃሚ መጻሕፍት ይተኩ» ይላል። ስለ ልጆቻችን እንቅልፍ አጥተው ስላሰቡልን ከልብ እናመሰግናለን። የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች የማቀርበውም ምስጋናዬ ጎዶሎ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ድንጋዩ። ባለፈው ጸደይ ወደ ወደቡ የሚወስደው አዲስ መንገድ ሲቀየስ፣ መሐል ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ፣ ድንጋይ ውስጥ ይኖራሉ የምንላቸው በዓይን የማይታዩት የተሰወሩት ሰዎች ቤት ስለሆነ አይነካም ተባለ። ስካቫተሩ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ቆመ። በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ መጡ፤ ባርኔጣዎን አወለቁና ድንጋዩ ፊት ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ «ጎረቤቶቻችን፣ ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ፣ መንገዱን እናዞረዋለን» አሉ። መንገዱም ዞረ። በዚህ አላሾፍም፤ እናቴ ያንን ድንጋይ ሰላም ሳትል አልፋው አታውቅም፣ እኔም አላልፈውም፣ መንገዱ እንዲዞር በተወሰነበት ስብሰባም እጄን ያወጣሁት ከእርስዎ ጎን ተቀምጬ ነው። ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ እነዚያው ሰዎች ድንጋይ ውስጥ ሲቀመጡ የከተማችን ነዋሪ ሆነው፣ መጽሐፍ ውስጥ ሲገቡ «በእውን የሌሉ ፍጥረታት» የሚሆኑት በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ነው። ውሳኔውንስ ማን ነገራቸው? ባርኔጣዎን አውልቀው አንድ ጊዜ ደግመው ብቅ ቢሉ ሳይሻል አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለተኩልን ጠቃሚ መጻሕፍት። ከመጡት ውስጥ አንዱ ስለ ጥርስ ሳሙና፣ አንዱ ስለ ዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ነው፤ ይህ የኋለኛው የእኛ ልጆች አባቶቻቸው ጠዋት ማታ የሚያወሩትን ስለሆነ አዲስነቱ ይማርካል። ሦስተኛው ስለ ቫይታሚን ነው፤ ባለታሪኩ መነጽር ያደረገ ካሮት ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ልጆችን ያለ ፋታ ይመክራል። ክቡርነትዎ የሚናገር ካሮት በእውን አይተው ከሆነ የት እንዳዩት ቢጠቁሙን ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን። ካላዩ ደግሞ ነገሩ እንዲህ ነው ማለት ነው፤ የሌለ ፍጥረት የሚከለከለው ሲያስቅ ነው፣ ሲያሰለች ግን ይፈቀድለታል።

ሦስተኛውን እንደ ሁለቱ እያሾፍሁ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

የልጄ ልጅ ኢዱን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናትና አባቷ ሲለያዩ ከአባቷ ጋር ከሬይኪያቪክ ወደ እኔ መጣች። ፊደል ቶሎ አይያዝላትም፤ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ክፍል ውስጥ ተራዋ ሲደርስ ሌሎቹ ልጆች ሰልችቷቸው በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ክፋት የላቸውም፣ ግን ይተነፍሳሉ። እሷም አንድ ቀን ቦርሳዋን ጥጉ ላይ ወርውራ «እኔ ማንበብ አልችልም፣ በቃ፣ አትጨቅጭቂኝ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ የወተት ካርቶን ላይ ያለውን እንኳ አላነብም አለች።

ካሪ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነው ያዳናት። አንድ ቅዳሜ ገንዳው ውስጥ፣ የምግብ ማብሰያ መጽሐፍን የአስማት መጽሐፏ መስሏት ይዛ ስለሄደች ጠንቋይ አወራ። ጠንቋይዋ ጠላቶቿን እንቁራሪት ላደርግ ብላ ስትደግም አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ኬክ ይሆንባታል። ኢዱን መጽሐፉን ተሽቀዳድማ ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ ከክፍሏ ድምፅ ሰምቼ፣ ታለቅሳለች ብዬ ደንግጬ በሩን ብከፍት፣ ብርድ ልብሱ ይንቀጠቀጣል። «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» ብላት ጭንቅላቷን እንኳ ሳታወጣ «ቆይ አያቴ፣ አሁን አታናግሪኝ፣ ግብር ሰብሳቢው ገንፎ ሊሆን ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያችን ጠንቋይ ያልሰማ ፍጥረት ቤታችን ውስጥ አልቀረም። በጥቆማ ምሽቱ ቆሜ አወራለሁ ብላ ለመስተዋቱ ነገረችው፣ ለድመቷ ነገረቻት፣ ድንች ስልጥ ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔም የት ቦታ መሳቅ እንዳለብኝ በቃሌ ያዝሁት። በዚህ መሐል መመሪያዎ መጣና መደርደሪያው ተራገፈ። ቶርጌይር አንገቱን ደፍቶ ጠንቋይዋ እንደማትፈቀድ ነገራትና ካሮቱን ሰጣት። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ዞር የሚልበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆም አለችና «እኔ ደግሞ ማንበብ የቻልኩ መስሎኝ ነበር። ለካ መጽሐፍ አልነበረም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ልጅቱ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ ጎረቤቶቻችን ድንጋይ አዞርሁ። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢዱን መጽሐፍ አልከፈተችም፣ ገንዳውም ጋ ደርሳ አታውቅም።

ይህንን ነው ያን ጊዜ ገንዳው ውስጥ የነገርሁዎት። እርስዎም «ስቴይንቮር፣ ይገባኛል፤ ግን ልጆች እግራቸው መሬት ረግጦ ነው ማደግ ያለባቸው» ብለው መለሱልኝ። እውነት ነው፤ ይህን ሲሉ ግን ሁለቱም እግሮችዎ ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ነበር።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ስጽፍ ጠፋኝ። ለማንኛውም የሥልጣንዎን ክብደት የሚያቀልልዎት ነገር ሳልሰጥዎት ይህንን ደብዳቤ ብዘጋ ነውር ይሆንብኛል። ዕድሜዬን በሙሉ አዋላጅ ሆኜ ያገለገልሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ለእርስዎ ጤና ይሆናሉ ያልኋቸውን ሦስት መጻሕፍት አዝዣለሁ፤ ቶርጌይር ምድር ቤት ካሉት ካርቶኖች ውስጥ አውጥቶ ይሰጥዎታል። ያችኛዋን ጠንቋይ በመጀመሪያ ይውሰዱ። ቀጥሎ የበግ ሱፍ ሲነካው የሚያስነጥሰውና ባስነጠሰ ቁጥር አንድ ተራራ ከቦታው የሚያንቀሳቅሰው ግዙፍ ሰውዬ አለ፤ እሱ ሳያስቡ ውሳኔ ለሚያሳልፉ ሰዎች ፍቱን ነው። ሦስተኛው የተሰረቀውን የበጋ ወራት ለማስመለስ በአንዲት ግዙፍ ሴትዮ የውስጥ ሱሪ የጀልባ ሸራ ሠርተው ባሕር ስለተሻገሩት ሦስት እኅትማማቾች ነው፤ ይህ ለማንም ይሆናል። የሚወሰዱት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው፣ ጮክ ብለው እየተነበቡ፣ ሆድ እስኪያም ድረስ ነው። ሦስቱንም ጨርሰው አንድ ጊዜ እንኳ ካልሳቁ ሐኪም ያማክሩ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። መጻሕፍቱ ከካርቶን ወጥተው ወደ ቢጫው መደርደሪያ ይመለሱ፤ ኢዱንም በጥቆማ ምሽቱ ስለ ጠንቋይዋ እንድታወራ ይፈቀድላት። ይህንን ካደረጉልን አንተ ብዬ እንደምጠራዎት ከወዲሁ ቃል እገባለሁ።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው እዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወደዚህ ዓለም ሲመጡ በእነዚህ ሁለት እጆቼ የተቀበልሁዎት እኔ መሆኔንም በዚሁ አጋጣሚ ባስታውስዎ ቅር አይልዎትም። ያን ጊዜ ድምፅ አላሰማም ብለው እንዲያለቅሱ መቀመጫዎን በጥፊ ስመታ የነበረኝ አክብሮት ዛሬም ቅንጣት አልቀነሰም፤ ካስፈለገም ይደገማል።

ከታላቅ ትሕትና ጋር፣
ስቴይንቮር ኤጊልስዶቲር፣
ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ፣ የኢዱን አያት፣ የእርስዎም ታዛዥ።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ቅዳሜ ገባና አንድ ነገር መጨመር ግድ ሆነብኝ። በተራገፈው መደርደሪያ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይቀር ብለው «የብሬኩቪክ የወደፊት ራእይ» የሚለውን፣ ፈገግ ያለ ፎቶግራፍዎ ከፊት ያለበትን የራስዎን መጽሐፍ መላክዎ ይታወሳል። ኢዱን ለካ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መጥታ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሯን ዘግታ በጣቷ እየተከተለች ስታነበው ሰንብታለች። ዛሬ ጠዋት «የመዋኛ ልብሴን አምጪ» አለችኝ። በረዶው ፀጉሯ ላይ እየወረደ ገንዳው መሐል ቆመች፣ ጉሮሮዋንም ጠረገች።

«አስቂኝ ነው፣ አስማትም አለበት» አለች። «በየአራት ዓመቱ ምርጫ ሲደርስ ብቅ ብሎ የሚጠፋ የመዋኛ ሸርተቴ አለ። ማንም አይቶት የማያውቅ የስፖርት አዳራሽ አለ። አንድ ድልድይ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ተሠርቶ ያልቃል፣ መጨረሻ ላይ ግን ሊታሰብበት ነው ይላል።»

ካሪ ሲስቅ ውኃ ዋጠና ጀርባውን መታንለት። ቶርጌይር በደንቡ መሠረት መጽሐፍዎን የሳቅ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦታል፤ የላኳቸው ቅጂዎች ሁሉ ተወስደው ልጆቹ ወረፋ ይዘዋልና ሌላ ይጨምሩልን። ኢዱንም በጥቆማ ምሽቱ በከተማው ሰው ፊት የምታወራው ስለዚሁ ነው፤ በእውን ባለ ነገር ላይ ያተኮረ ጠቃሚ መጽሐፍ ስለሆነ መመሪያዎ አይከለክላትም። ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል። መጽሐፉን ወዳዋለች፤ አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያገኘችበት። «ሸርተቴውንም ድልድዩንም አምኛለሁ» ነው ያለችው፣ «መጀመሪያው ገጽ ላይ ልጆችን ሁልጊዜ አዳምጣለሁ የሚለው ሰውዬ ግን የእውነት አልመሰለኝም።»