ሦስቱ አመጸኛ ድንጋዮች

ሰኞ፣ ግንቦት 2

ዝናብ። ለማገዶ የቆረጥነው የረግረግ አፈር ዘንድሮም ሳይደርቅ ሊቀር ነው። አባዬ ዛሬም ከአልጋው አልወረደም። ሐኪሟ ስለ ልቡ የነገረችኝን እያሰብኩ የአጃ ገንፎውን አሳረርኩት።

እሱ ወሬው ስለ ድንጋዮቹ ብቻ። "ከሦስቱ አመጸኞች በቀር ሁሉም በዘንጌ ልክ ተራርቀው ነው የተተከሉት!" ዘንጉን ራሱ ነው የቀረጸው፣ ኮረብታው ላይ ካለው የድንጋይ ክብ ባገኘው ልክ። የጥንት ሰዎች አንድ መለኪያ ነበራቸው ባይ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ነው... ሐሙስ ከግላስጎው አንዲት የአርኪዮሎጂ ዶክተር ስለ ድንጋዮቹ ልትሰማው ትመጣለች። እንደ ሙሽራ ጺሜን ላጪኝ አለ!

ማክሰኞ፣ ግንቦት 3

ለጎረቤታችን ለእማማ ፔጊ ወተት ላደርስ ሄጄ... ምነው እግሬን በሰበረው። ስለ ዶክተሯ ስነግራቸው ሳቁ።

"የትኞቹን ድንጋዮች ልታይ? አያትሽ ሩዋሪ ያቆማቸውን?"

ምን?

"ልጅ ሳለሁ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ረግረጉ ውስጥ ተጋድመው ነበር እኮ። ሩዋሪ ነው ወንዶቹን አስተባብሮ፣ በጀልባ ገመድ አስጎትቶ ያስነሳቸው። ድሮ የት እንደነበሩ ማን ያውቃል! እንዲያምር ብሎ በመቅዘፊያው እየለካ ተከላቸው። ረጅም መቅዘፊያ ነበር። ያኔ በባለቤቱ ልክ ነው የሚቆረጠው፤ እጅን ሽቅብ ዘርግቶ እስከ ጣት ጫፍ።"

"ታዲያ ለአባዬ ለምን አልነገራችሁትም?"

ተቆጡኝ። "ባሕር የበላውን ሰው ነገር ልጁ ፊት ማን ያነሳል? አንቺ የዚህ ደሴት ልጅ አይደለሽም?"

ነኝ። እዚህ እንዲያ ነው። አያቴ ሲሰምጥ አባዬ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ፎቶ እንኳ የለም። ባሕሩ የመለሰው ያንኑ መቅዘፊያ ብቻ ነው፤ ላሞቹ ቤት ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። ያየውን ሁሉ የሚለካው አባዬ እሱን ብቻ ነክቶት አያውቅም። ማንንም አያስነካም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

አወረድኩት። ዘንጉን አጠገቡ አጋደምኩት።

ልክክ።

ላሞቹ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብነግረው ይሞትብኛል። ዝም ብል... ነገ ዶክተሯ ደርሳበት ፊቱ ላይ ብትነግረውስ? ምን ላድርግ? ማንን ልጠይቅ?

ጺሙን ስላጨው "ምነው ዓይንሽ ሌላ ቦታ ነው? አደራ፣ እንዳታርጂኝ" አለ። ሳቅኩለት። ሌላ ምን አቅም አለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 5

ማዕበል። መርከቡ እስከ ከሰዓት አይነሳም። አባዬ ክራቫቱን ከጠዋት አሳስሮኝ ይጠብቃል።

"ይሄ የንጉሥ መለኪያ አይደለም" አለኝ። "አንድ ተራ ሰው በእጁ ይዞት የዞረ ነገር ነው። ያን ሰው ባውቀው ምን ነበረበት..."

አልቻልኩም። ሄጄ መቅዘፊያውን አመጣሁና ከዘንጉ ጋር አልጋው ላይ አጋደምኩለት።

ጫፍና ጫፋቸውን በጣቱ ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ።

"ማነው የነገረሽ?"

"እማማ ፔጊ።"

የሰማሁትን ሁሉ ስነግረው እጁን ከዘንጉ ላይ አነሳ። "እውነተኞቹ ሦስቱ ብቻ ነበሩ በይኛ።"

"ውሃ ላምጣልህ?" አልኩት። ይኸው ነው የወጣኝ። ውሃ!

"ክራቫቱን ፍቺልኝ። ሴትዮዋ ሳትሳፈር ደውዪላት።"

ዓርብ፣ ግንቦት 6

አልበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ጠራኝ። "እሱን ግድግዳው ላይ አቁሚው።" መቅዘፊያውን ነው። አቆምኩት።

"አሁን እኔን።"

ሐኪሟ ከልክላለች አልኩት። መች ሰማኝ! ብብቱን ይዤ አነሳሁት... እንዴት ቀሏል አባዬ! ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን ሽቅብ ዘረጋ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እንዳይወድቅብኝ እየፈራሁ ቀና ብዬ አየሁ። ጣቶቹ ከመቅዘፊያው ጫፍ አልደረሱም።

"ስንት ይቀረኛል?"

"አንድ ስንዝር።"

እጁን አላወረደም። እንባው በተላጨው ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

"አባቴ ይበልጠኛል" አለ።