ዓላማው በውል ያልታወቀ ጨዋታ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

«መምህር ስለሺ የተባሉ ግለሰብ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ሰብስበው ዓላማው በውል ያልታወቀ ጨዋታ የሚያጫውቱ መሆኑ ስለተደረሰበት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከመላክ እንዲቆጠቡ የወላጆች ኮሚቴ በጥብቅ ያሳስባል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ሊድያን ላደርስ ሄጄ አየሁት። የተባሉ ግለሰብ! ከፈረሙት ሦስቱን ባዮሎጂ አስተምሬአቸዋለሁ። ሰብሳቢው ሀብቱ ቅጠልን ከአበባ እንዲለይ ስንት ለፋሁ... «ስለተደረሰበት»። የሚደረስበት ሌባ አይደለም እንዴ?

ሌላው እንደ ወትሮው። ፈተና አረምኩ። ንፋሱ ቀዩን አቧራ መጽሐፍ መደርደሪያው ድረስ ያመጣል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ቢጠይቁኝ የምመልሰው ይኼ ነበር። በጋ ሲገባ የሚታየውን ካርቶን ላይ እስላለሁ። ኩይሳ፣ የወፍ ጎጆ፣ የደረቀ ቀርከሃ፣ ያበበ ማንጎ፣ የጅግራ ላባ። ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ቀርከሃው ጫካ እንሄዳለን። ቀድሞ ያየ ይጮኻል፣ ካርቶኑ ላይም ምልክት ያደርጋል። የት እንዳለም በትክክል ይናገራል። «እዚያ ጋ» አይሠራም። «ከኩይሳው በስተግራ» ነው የሚባለው።

የሠራሁት ለወንድሜ ልጅ ለሊድያ ነው። አባቷ ምንይችል ድባጤ ላይ ከተገደለ ወዲህ እኛ ጋ ናት። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ዘጠኝ ሆናለች። ከቤትና ከትምህርት ቤት ሌላ መንገድ አታውቅም። ከእኔ ጋር ብቻዋን? ብትሞት አትወጣም። ልጆች ካሉ ግን፣ በተለይ የጎረቤታችን የአብዱልረሂም ልጅ ኑሃ ካለች፣ ትወጣለች። ስለዚህ ልጆች ሰበሰብኩ። ይኸው።

ባለፈው ቅዳሜ ካርቶኑ ላይ ጭስ ጨመርኩ። በዚህ ወር ሣር ይቃጠላል። አሶሳ ላይ ከጭስ የበለጠ የበጋ ምልክት ምን አለ? ኑሃ ኮረብታው ላይ አየችና «ጭስ! ጭስ!» ብላ በደስታ ጮኸች። ሊድያ ዞራ ሮጠች። መንገዱን ሙሉ እየጮኸች። ባለቤቴ የወርቅውሃ ያገኘቻት አልጋ ሥር ነው።

ድባጤ ያየችው ጭስ የሣር አልነበረም። ይኼን እንዴት አላሰብኩም?

«ልጅ አስደንግጠዋል» ብለው ቢጽፉ ራሴ እፈርምላቸው ነበር። እሱን አልጻፉም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ማንም አልመጣም። ካርቶኑን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። የወርቅውሃ፦ «ግባ እንግዲህ፣ ሰው ያይሃል።» ይየኝ!

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ሀብቱን ፎቶ ኮፒ ቤት አገኘሁት። እንዳላየ ሊያልፍ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎን ማን ይጠረጥራል? ጊዜው ነው እንጂ። ልጆች ወረቀት ይዘው እያዩ ምልክት ሲያደርጉ... የሚመዘግቡት ድልድይ ነው፣ ኬላ ነው፣ ይባላል።»

«ካርቶኑ ላይ ድልድይ አለ?»

«እኔ እንኳ አላየሁትም።»

«ሳታይ ፈረምክ?»

«ፊርማ እኮ ለሥርዓት ነው፣ ጋሼ።»

ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ልጅ ሳቀች። ሀብቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ቀን ቤት መጥተን ይቅርታ እንላለን፣ ያልቃል» አለኝ።

ስድቡ በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ በር ላይ። ይቅርታው በቃል፣ እቤቴ፣ በኔ ሻይ። አልኩት። ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። በፈተናም እንዲሁ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ሊድያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጋረጃውን መዝጋት ጀምራለች። ኮረብታው በዚያ በኩል ስለሚታይ ነው። በአንድ ዓመት ያገኘነው ሁሉ... በአንድ ወረቀት።

የቤት ውስጥ ካርቶን ሠራሁ። የጉንዳን ሰልፍ፣ ግድግዳ ላይ ያለ እንሽላሊት፣ የሸረሪት ድር፣ በመስኮት የሚታይ ወፍ። እንሽላሊቱን አየች። አልጮኸችም። በጣቷ ጠቆመችኝ። «የት?» አልኩ። «እዚያ ጋ።» «እዚያ ጋ የሚባል...» ስል የወርቅውሃ ጮኸችብኝ። «ሰውዬ! ጨዋታውንም ፈተና አደረግከው!»

ልክ ናት። ግን «እዚያ ጋ» አይሠራም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ኮሚቴው እንኳን አደረሰዎ የሚል መልእክት በስልክ ላከ። ይኼኛው ዓላማው ታውቋል?

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ኑሃ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። አባቷ ተከትሏት መጣ። ልጁን ሊወስድ መስሎኝ ተነሳሁ።

«ያ ኡስታዝ፣ መምህር፣ ወረቀት አነበብኩ። እኔ አልገባኝም። ልጅ ከጎረቤት ጋር ይጫወታል፣ ኸላስ፣ በቃ።» ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

ከዚህ ሁሉ ሰፈር አንድ ሰው!

ኑሃ መጋረጃውን ሳትጠይቅ ከፈተችው። ሊድያ ፊቷን ሸፈነች። ኮረብታው ላይ ጭስ ነበር።

«ሊድያ፣ ና እይ» አለች ኑሃ፣ እንደ አባቷ በሚሰባበር አማርኛዋ። « ወፍ አለ። ጭልፊት ነው። ሣር ሲቃጠል አንበጣ ይወጣል፣ ጭልፊት ይበላል። ወፍ ካለ ሣር ነው።»

«ወፍ ከሌለስ?»

ኑሃ አሰበች። «ከሌለ አብረን እንሮጣለን።»

ስለ ጭልፊቱ እኔም ለሊድያ ነግሬአታለሁ። በሥዕል፣ በዝርዝር፣ ሦስት ጊዜ። አብሬሽ እሮጣለሁ ያልኳት ግን መቼ ነው?

ሊድያ በጣቶቿ መሃል አየች። መጋረጃው እስከ ማታ ክፍት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እስከ አጥሩ በር። ከዚያ እስከ አብዱልረሂም ሱቅ። ሊድያ ያበበ ማንጎ አየች፣ «ከሱቁ ኋላ፣ ከቆርቆሮው በላይ» አለች። ትክክል።

ማስታወቂያው አሁንም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ፀሐይ አደብዝዞታል፣ ስሜ ግን ይነበባል። በየቀኑ ሥሩ አልፋ ትገባለች። ማንበብ ትችላለች። ትናንት ጠየቀችኝ፦ «አጎቴ፣ ዓላማ ምንድን ነው?»

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ቀርከሃው ድረስ ሄድን። ሦስታችን ብቻ። ሌሎቹ ልጆች ከየአጥሩ ውስጥ ሆነው አዩን። አንዱ «የወፍ ጎጆ! እኔም አይቻለሁ!» ብሎ ጮኸ፣ እናቱ ጎትታ አስገባችው።

ቀርከሃው ጋ ስንደርስ ጭስ ተነሳ። ቅርብ ነበር። ሊድያ የኑሃን እጅ ያዘች። እግሯ ለመሮጥ ተሰናዳ። እኔ ምንም አላልኩም፣ እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም። ሰማዩን ፈለገች... ፈለገች...

«ጭልፊት አለ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ በሙሉ ድምፅዋ፦ «ጭስ! ከቀርከሃው በስተቀኝ! ቀድሜ አየሁ!»

ኑሃ ተናደደች። «እኔ አይቶ ነበር!» እስከ ቤት ተጨቃጨቁ።

ማታ ሳልበላ የጻፍኩት። ሰኞ ጠዋት በእጄ እሰጣለሁ፣ ቅጂው ይኼ ነው፦

«ለወላጆች ኮሚቴ። ጨዋታው ዓላማ አለው። ዓላማው የሟች ወንድሜ ልጅ ጭስ አይታ አልጋ ሥር እንዳትገባ ነው። ዛሬ አልገባችም። ይኼንንም ያደረገችው እናንተ በከለከላችሁት ጨዋታ፣ እናንተ ባላስቀራችኋት አንዲት ልጅ ነው። እኔ የተሳሳትኩት ጭሱን ሳላስጠነቅቃት ካርቶኑ ላይ በመሳሌ ነው፤ ስለዚያ የጠየቀኝ የለም። ማስታወቂያው ይነሳ። ካርቶኑን ከኮሚቴው ማን እንዳየ፣ ምን እንደተደረሰበት፣ በስምና በፊርማ ይገለጽልኝ። መልሱ በጽሑፍ ሆኖ፣ ልጆቹ እንዲያነቡት በዚያው በር ላይ፣ እስከ አርብ የካቲት 6 ይለጠፍ። በቃል የመጣ አልቀበልም።»