ለጥጃው ይተው

ማሩዬ፣

ከሄድክ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። የሙት ዓመትህን ተዝካር፣ እዚህ በዕብራይስጥ አዝካራ የሚሉትን፣ አድርገናል፤ ቄሶቹ ጸልየዋል፣ ዘመድም በልቶ መርቆ ሄዷል። እኔ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም። አልቅሺና ይውጣልሽ ይሉኛል። ማልቀሱንስ አለቀስኩ፤ የቀረኝ ቁጣው ነው። እሱን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግረዋለሁ?

ትንሿ ልጃችን አግብታ ካርሜ ጋት የሚባለው አዲስ ሰፈር ገብታለች፣ ሊፍት ያለው ቤት። እኔ አሁንም በዚያው አውቶቡስ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው እሄዳለሁ፤ አንተ ትሠራበት ወደነበረው፣ እኔ ወለሉን ወደማጸዳው ፋብሪካ። ከሙት ባሕር በቦቴ የሚመጣው ጨዋማ ውሃ ዛሬም ይመጣል። በረጃጅሞቹ ቱቦዎች ውስጥ በታጨቀው ነጭ የማዕድን ጠጠር መሃል ይወርዳል። ጠጠሩ ሊቲየሙን ለቅሞ ይይዛል፣ ሌላውን ጨው ያሳልፋል፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ የያዘውን ይሰጣል። ለስልክና ለመኪና ባትሪ ነው ይላሉ። ይህን ሁሉ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ፣ እራት ላይ፣ ጉርሻህን በእጅህ ይዘህ እስኪቀዘቅዝ።

ያን ጠጠር ካንተ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። የያዘውን ሁሉ አራግፎ ከሰጠ ውስጡ ይፈርሳል፣ ሁለተኛ አይለቅምም ትለኝ ነበር። ላም እስከ መጨረሻው አትታለብም፣ ለጥጃው ይተዋል እያልክ ጥቂት ሊቲየም ሲቀርበት ውሃውን ትዘጋለህ። የሌሎቹ ጠጠር ስንቴ ሲቀየር ያንተ ቱቦ በዚያው በመጀመሪያው ጠጠር ይሠራ ነበር።

ከዚያ አለቃው እንግዶች ሊመጡ ነው ብሎ ብዙ ሊቲየም ማሳየት አማረው። እስከ መጨረሻው እጠበው አለህ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለህ፣ ይበላሻል አልከው። አልሰማህም። አንተም በዕብራይስጡ በሴደር፣ እሺ፣ ብለህ ውሃውን ለቀቅከው። ጠጠሩ ሞተ። የበላዮቹ መጥተው ማን አጠበው ሲሉ እኔ አልክ። ማን አዘዘህ ሲሉህ አንገትህን ደፍተህ መሬት መሬት አየህ።

እኛ ዘንድ ይህ ጨዋነት ነው፤ በአለቃ ፊት ዓይን ማፍጠጥ ነውር ነው። እነሱ ግን ጥፋተኛ ባይሆን ዓይኑን አይሰብርም ነበር አሉ። ማጠብ የማይችል የሚል ስም ሰጥተው ወደ መጋዘን ላኩህ። እዚያ ካርቶን ስትደረድር ቆየህ፤ በዚያው ክረምት ልብህ ቆመ።

ለምን አልተናገርክም? አፍ አልነበረህም? እኔ ላይ ስትጮህማ ጎረቤት ሁሉ ይሰማህ ነበር! እውነቱን ልንገርህ፤ አንተን የምቆጣው ራሴን ላለመቆጣት ነው። ሥራ የገባህ ቀን ሸሚዝህን እየተኮስኩ፣ እሺ በል፣ ፈረንጅ ፊት አትከራከር፣ ዝም አይነቅዝም ያልኩህ እኔ ነኝ። ይነቅዛል ማሩዬ። አንተን ከውስጥ ሲበላህ አይቻለሁ።

አሁን ስማ። ባለፈው ሳምንት ከቱቦዎቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። ፎቶ አንስቼ ለልጃችን ላክሁላትና አነበበችልኝ። ጠጠሩን እስከ መጨረሻው አትጠቡት፣ ጥቂት አስቀሩበት ይላል። ያንተ ቃል! ከሥሩ ደግሞ የአለቃው ፊርማ! በማግስቱ ለሌሎች እንግዶች፣ ይህን በብዙ ድካም ደረስንበት እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት። ደሜ ፈላ። መወልወያዬን ጥዬ መሃላቸው ገባሁ። በተሰባበረው ዕብራይስጤ፣ ይህ የባሌ ነው፣ ማሩ ነግሮህ ነበር፣ አልሰማኸውም አልኩት። ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም። እሱ አንገቱን ደፋ። አገራችን ቢሆን አክብሮኝ ነው እል ነበር። እኔ ግን ዓይኑን የሰበረ ጥፋተኛ ነው ብለው አንተ ላይ በፈረዱበት ሕግ ፈረድኩበት።

ልጃችን ስምህን በአማርኛም በዕብራይስጥም ፊደል በትልቁ ጻፈችልኝ። ወስጄ ከፊርማው በላይ ለጠፍኩት። እስከ ዛሬ አልነቀሉትም። ቢነቅሉትም አሥር አስጽፌ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ስምህን አልረሳም፣ አላስረሳምም። የዚያን ግድግዳ አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ።

ያንተዋ የሺ