የአራት ሰከንዱ ጀግና

ቀን፦ ኦገስት 24 ቀን 2015

ለኮልተን ዌልስ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ሎይድ ሃስኬል
ኮልተን ዌልስ፣ ቴክሳስ

ጉዳዩ፦ ለፊታችን አርብ የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ሆኖ የተመደበው የልጅ ልጄ ኮልቢ ክሬኔክ በወጉ ሳይፈተን ሜዳ እንዳይገባ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ዴልበርት ክሬኔክ በዚህች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወርዋሪውን የሚጋርዱትን የፊት መስመር ልጆች ለሠላሳ አንድ ዓመት አሠልጥኜ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ላይ የሚሰለፉ አያቶች ሁሉ የሚመጡት የልጅ ልጄን አስገቡልኝ ለማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አታስገቡብኝ ብሎ የመጣ የመጀመሪያው አያት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ጽሕፈት ቤትዎ ኦገስት 3 ቀን በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ፣ የዘንድሮው ኳርተርባክ የሚመረጠው በበጋው የውርወራ ውድድር በተመዘገበ ውጤት መሆኑን ገልጿል። ኮልቢ በበጋው ሠላሳ ስምንት ጊዜ ነጥብ ያስቆጠረ ኳስ ወርውሯል ተብሎ ቦታው ለሱ ተሰጥቷል። ሁለተኛው ተወዳዳሪ ሩበን ሳልዲቫር በጋውን ከአጎቱ ጋር ሐብሐብ ሲጭን ስለከረመ ከስሙ ትይዩ ዜሮ ተጽፎለታል። ዋናው አሰልጣኝ ወጣት ስለሆነ ማስታወቂያውን አንብቦ ዝም ብሏል።

2. ይህ የበጋ ውድድር ምን እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቁታል። ማስታወቂያውን ያረቀቀው ሰው ግን የሚያውቀው ስላልመሰለኝ ልዘርዝረው። ሰባት ልጆች ከሰባት ልጆች ጋር ቁምጣና ካናቴራ ለብሰው ይጋጠማሉ። የራስ ቁር የለም፤ የትከሻ መከላከያ የለም። ሰው መጣል ክልክል ነው፤ በእጅ መንካት ይበቃል። ወርዋሪውን ሊጥል እየተንደረደረ የሚመጣ ተጋጣሚ የለም፤ ከሚመጣበት የሚጋርዱት አምስት ግዙፍ ልጆችም የሉም። በእነዚህ ሁሉ ምትክ አንድ የሰከንድ ሰዓት አለ። ኳሷ ከመሬት ከተነሳች በኋላ ወርዋሪው በአራት ሰከንድ ውስጥ ካልወረወረ ሰዓቱ ይጮኻል፤ ጨዋታው ይቆማል፤ ልጆቹም እየተሳሳቁ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ወርዋሪ ላይ ሊከመር ሲሮጥ ሰዓት ጮኸ ብሎ የቆመ ተጋጣሚ አላጋጠመኝም። ጽሕፈት ቤትዎ አጋጥሞት ከሆነ ስሙን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

3. የፊት መስመሮቹ አምስት ልጆች በጋውን ምን ሠሩ ቢባል ጎማ ጎተቱ። ውድድር ባለ ቁጥር ከሜዳው ጀርባ ባለው አቧራ ላይ የትራክተር ጎማ እንዲያገላብጡ ይደረጋል፤ ሲጨርሱ ደግሞ የውሃ ሣጥን ተሸክመው ለወርዋሪዎቹ እንዲያድሉ ይታዘዛሉ። አርብ ዕለት ኮልቢን ከመሰበር የሚያድኑት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በጋውን ሙሉ ከሱ ጋር የተገናኙት ውሃ ሲያቀብሉት ብቻ ነው።

4. በበጋው ውድድር የተገኘው ዋንጫ ፕላስቲክ ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም፤ አንስቼ ስላየሁት ነው። አሁን በትምህርት ቤቱ መግቢያ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጥርስና የጎድን አጥንት የተከፈለበትን የ1987ቱን ዋንጫ ከልሎታል። ኮላቺ የሚባለውን የፍራፍሬ ዳቦ የሚጋግረው ሰውዬ የኮልቢን ፎቶግራፍ መስኮቱ ላይ ለጥፎ ከሥሩ «የበጋው ንጉሥ» ብሎ ጽፏል፤ ልጁ በሄደ ቁጥርም ባለ አፕሪኮቱን ኮላቺ በነፃ ያጎርሰዋል። ቄሳችን እንኳ ስለ ትዕግሥት ሲሰብኩ መሃል ላይ ሠላሳ ስምንት የሚለውን ቁጥር ጠርተዋል። ከትዕግሥት ጋር ምን እንዳገናኘው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

5. ሐቁን መናገር ስላለብኝ፣ ውድድሩ ጭራሽ ጥቅም የለውም አልልም። ወርዋሪውና ተቀባዮቹ ይላመዳሉ፤ ማን ወዴት እንደሚታጠፍ ሳይነጋገሩ ያውቃሉ። ኮልቢ በጁን ኳሷን ከጆሮው ሥር እየጎተተ ይለቅ ነበር፤ በጁላይ መጨረሻ ክንዱ ፈጥኖ ሲለቅ አይቼ ደስ ብሎኛል። ለክንድና ለዓይን ጥሩ ልምምድ ነው። ልምምድ ነው ብሎ ማለፍ ሲገባ ግን ጽሕፈት ቤትዎ የሹመት ደብዳቤ አደረገው።

6. ይህንኑ ኦገስት 6 ቀን ቢሮዎ ቀርቤ በቃል አስረድቼ ነበር። ክቡርነትዎ ስልክዎን እየነካኩ ካዳመጡኝ በኋላ «አሰልጣኝ ዴልበርት፣ የእርስዎ ዘመን የትከሻ ነበር፤ ይሄ የክንድ ዘመን ነው። ደግሞስ የተመረጠው የራስዎ ልጅ አይደለም እንዴ? ምን ጎደለብዎት?» ብለውኛል። እውነት ለመናገር ያን ዕለት ስወጣ በደረጃው ላይ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ እንደነበር አልክድም። ከልጁ ፊት ለፊት ማን እንደሚቆም ለመጠየቅ የመጣሁትን እኔን የልጅ ልጄ ስም ሸነገለኝ።

7. ባለፈው ሐሙስ ኦገስት 20 ቀን ከጎረቤት ከተማ ጋር ሙሉ መከላከያ ተለብሶ የሙከራ ግጥሚያ ተደርጓል። ክቡርነትዎ ከሪባን ቆረጣ ሥነ ሥርዓት ዘግይተው ስለመጡ የመጀመሪያውን አጋማሽ አላዩም። ኳሷ ለሦስተኛ ጊዜ ከመሬት ስትነሳ ኮልቢ ተቀብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገና እግሩን ተክሎ ቆመ። ፊቱ ላይ ምንም ጭንቀት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚቆመው ነው የቆመው። የተጋጣሚው ቀኝ አጥቂ በግራ በኩላችን ጥሶ ገባና ከነትከሻው ደረቱ ላይ አረፈ። ልጁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትንፋሽ አጥቶ ተዘረረ። ከመስመሩ ዳር ሮጬ ስደርስ ዓይኑን ገልጦ አየኝና «ሰዓቱ አልጮኸም እኮ፣ አባባ» አለኝ።

እጁን ይዞ ያስነሳው ሩበን ነው። ሳልዲቫሮች ልጆቻቸውን ጨዋ አድርገው አሳድገዋል፤ ቦታውን የወሰደበትን ልጅ አቧራ እያራገፈለት «እዚህ ሰዓት የለም ወንድሜ፤ እግራቸውን ስማ» ብሎታል። ከዚያ ራሱ ገብቶ አራት ጊዜ ወረወረ፤ ሁለቱን ተመትቶ እየወደቀ ነው የለቀቃቸው። ሦስቱን ተቀባዮቻችን ይዘዋቸዋል። ዜሮ የተጻፈለት ልጅ ይህ ነው።

8. እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን ሁሉ አፌን ሞልቼ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እያፈርኩ ነው።

በደንቡ መሠረት የትምህርት ቤት አሰልጣኞች በበጋው ውድድር የራሳቸውን ልጆች መምራት አይችሉም፤ ሥራው የሚያርፈው በወላጅና በጡረተኛ ላይ ነው። ሰዓት የሚይዘውንም ሰው የሚያቀርበው አስተናጋጁ ከተማ ነው። ከአምስቱ ውድድሮች ሦስቱ በእኛ ሜዳ ተደርገዋል፤ በሦስቱም ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የጨዋታውን ከንቱነት ጠዋት በኮላቺ ቤት ስደሰኩር አርፍጄ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወርጄ ሰዓቱን አንገቴ ላይ አንጠለጥል ነበር።

ሰዓቱ መጫን ያለበት ኳሷ ከመሬት ስትነሳ ነው። እኔ መጀመሪያ ኳሷ የኮልቢ እጅ ስትገባ መጫን ጀመርኩ። ቀጥሎ ወደ ኋላ አፈግፍጎ እግሩን እስኪተክል ጠበቅኩት። በጁላይ ጣቴ ከኔ ፈቃድ ውጭ የሚሠራ እስኪመስል ድረስ ለመደው። ሌሎቹ ልጆች ሲወረውሩ ግን በትክክል እጫን ነበር። ከእንግዳ ቡድን ጋር የመጣች አንዲት እናት ከአጥሩ ወዲያ ሆና «የኮልተን ዌልስ ሰዓት ምሳውን በልቶ ነው እንዴ የሚነሳው?» ስትል ሰምቻት ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ከሜዳችን ውጭ በተደረጉት በሁለቱ ውድድሮች ቡድናችን ገና በጊዜ ተሸንፎ ተመልሷል። ጽሕፈት ቤትዎ ይህ ለምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ቁጥሩን ደምሮ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ እንጂ።

ቅዳሜ ዕለት የሙከራ ግጥሚያውን ፊልም ከፍቼ ያንኑ ሰዓት በእጄ ይዤ አየሁት። ኳሷ ከተነሳችበት ኮልቢ እስከተመታበት ድረስ ሁለት ነጥብ ስድስት ሰከንድ ነው። ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። በፊልሙ ላይ በራስ ቁሩ ፍርግርግ ውስጥ የኮልቢ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ እየቆጠረ ነው። ሲመታ «አንድ» ላይ ነበር። ከዚያ በጁንና በጁላይ የተቀረጹትን አንድ በአንድ ለካሁ። እኔ አራት ያልኩት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ተኩል ሆኖ ተገኘ። ልጁ ረጋ ብሎ መቁጠርን የተማረው ከኔ ነው።

9. እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን ሁሉንም ለኮልቢ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። «ከሠላሳ ስምንቱ ስንቱ ነው የኔ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት፤ የእውነትም አላውቅም። ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ለእናቱ ግን አርብ ዕለት መግባቴ አይቀርም ብሏታል። ክቡርነትዎ የሾሙትን እኔ ልሽርለት አልችልም፤ ልጁም የበጋው ንጉሥ ከተባለ በኋላ ፈራሁ ብሎ ራሱ አይወጣም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ማን ይወጣል?

10. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የፊታችን ረቡዕ በልምምድ ሰዓት ሁለቱም ልጆች ሙሉ መከላከያ ለብሰው፣ አምስቱ የፊት መስመር ልጆች ከፊታቸው ቆመው፣ ተከላካዩ ቡድን ከልቡ እየመጣባቸው እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ጊዜ እንዲወረውሩ ይደረግልኝ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ሜዳው ላይ አይቁም። አርብ ዕለት ማን እንደሚገባ ዋናው አሰልጣኝ በዓይኑ ካየው ተነስቶ ይወስን። ኮልቢ ከበለጠ አጨብጭቤለት መቀመጫዬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ቢያንስ እግራቸውን ሰምቶ ነው የሚገባው።

የኦገስት 3 ቀኑ ማስታወቂያ ከሰሌዳው ይነሳልኝ። ለሩበን የተጻፈለት ዜሮም አብሮት ይነሳ፤ ሐብሐብ የጫነ ልጅ ዜሮ አይባልም።

የፕላስቲኩ ዋንጫ ባለበት ይቀመጥ፣ ግድ የለኝም። የ1987ቱ እንዲታይ ግን ትንሽ ወደ ጎን ይገፋልኝ። ይህ አስቸኳይ አይደለም።

በበጋው ውድድር ሰዓት በማዛባቴ ጽሕፈት ቤትዎ የሚወስንብኝን ማናቸውንም ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ስሜ ከቀድሞ አሰልጣኞች ሰሌዳ ላይ ቢፋቅም አልከራከርም። ቅጣቱ ግን ከአርብ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ፈተናው ከአርብ በፊት ካልሆነ ዋጋ የለውም።

ክቡር ሆይ፣ አርብ የምንገጥማቸው የሮዝ ፕሬይሪ ልጆች ናቸው። በሁለቱ ዳር የሚመጡት መንትዮች እያንዳንዳቸው መቶ አሥር ኪሎ እንደሚሆኑ በፊልም አይቻለሁ፤ ፈጣኖችም ናቸው። ኮልቢ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ እግሩን ተክሎ፣ በኔ አቆጣጠር መቁጠር ይጀምራል። እኔ በጋውን ሙሉ የሰጠሁትን ሰከንድ ተኩል ከሁለቱ አንዳቸውም አይሰጡትም።

ከተገቢው አክብሮትና ዘግይቶ ከመጣ ኀፍረት ጋር ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ዴልበርት ክሬኔክ
(ፊርማ)
የቀድሞ የፊት መስመር አሰልጣኝ

ግልባጭ፦
ለዋናው አሰልጣኝ
ለኮልቢ ክሬኔክ

አባሪ፦ አንድ የሰከንድ ሰዓት ከነማንጠልጠያው። ሰዓቱ ምንም ጉድለት የለበትም።