በጸጥታው ስለተሸለመው የአምስተኛ ክፍል ጣራ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብ ደህና ነው? ጉሮሮዎስ? ጉሮሮዎን መጠየቄ ያለ ነገር አይደለም፤ ጎረቤቴ፣ የልጄ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ድምፅዋ ጨርሶ ስለተዘጋ ነው። ሐኪሙ «ትንፍሽ እንዳትይ» ብሏታል። ባለቤቷ እግዜር ይስጠውና መከራውን ችሎታል፤ እንዲያውም ጉንጩ ሞላ፣ ፊቱ ወዛ ብሎለታል። ሊጠይቋት የመጡት አማቷ ግን «ምን በደልኳት? ‹እንደምን አደርሽ› ስላት በጭንቅላቷ ነው የምትመልስልኝ!» ብለው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው እኔ ቤት ገቡ። ይኸው እስካሁን እኔ ጋ ናቸው፤ እርስዎንም ሰላም ብለዋል።

የጎረቤቴን ድምፅ የበላው የክፍሉ ጣራ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ የሚባል ነገር የለም፤ ዝናብ ሲወርድ እንኳን የሰው ድምፅ የመኪና ጡሩምባም አይሰማበትም። እኔ ግን ላማርር አልተነሳሁም። እርስዎን ለማመስገን እንጂ፤ ምስጋናዬም እንዳይምታታብኝ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ልጆቻችን ያልተጠበቀ ዕውቀት ስለገበዩ እናመሰግናለን። አስተማሪዋ መጮህ ሲያቅታት በእጇ ማስተማር ጀመረች። ቡጢ አናት ላይ ሲያርፍ አራት ነጥብ ነው። ልጆቹ ጆሯቸውን ከጎተቱ «አልሰማንም፣ ይደገምልን» ማለታቸው ነው። ልጄ ትምህርቱን ቤት ድረስ ይዛው መጥታ ማዕድ ላይ ጨው ስትፈልግ ጣቶቿን ታፋትጋለች፤ አባቷ ደግሞ ገንዘብ የጠየቀችው እየመሰለው ኪሱን ይዞ ይነሳል።

ሁለተኛ፤ ስለ ሽልማቱ። ተቆጣጣሪዎችዎ ፀሐይ በወጣበት ቀን መጥተው፣ ልጆቹ ከልማድ የተነሳ በእጃቸው ሲያወሩ አይተው፣ «እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት የትም አላየንም» ብለው የጸጥታ ሽልማት ሰጡን። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል! የምስክር ወረቀቱ በመስታወት የተለበጠ ስለሆነ ጣራው በሚያፈስበት በኩል ሰቅለነዋል። ውኃ በመመለስ በኩል እስካሁን አላሳፈረንም።

ሦስተኛ፤ የቃለ ጽሕፈት ፈተናው። በዚያን ዕለት ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ይወርድ ነበር። ጎረቤቴ «ገበሬው በማለዳ ላሞቹን ያልባል» የሚለውን ለማስረዳት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ እንደ ቀንድ አቆመች፣ ቀጥላም እጆቿን እያፈራረቀች ወደ ታች ሳበች። ልጄ አይታ አይታ «ሰይጣን በማለዳ ደወል ይደውላል» ብላ ጻፈች። አጠገቧ ያለው የአናጢው ልጅ «በሬው ልብስ ያጥባል» አለ። መሐል ላይ ደግሞ አስተማሪዋን ሳል ያዛትና የፊት ረድፍ በሙሉ «እህ እህ» የሚል ጨምሮ ጻፈ። አራሚዎችዎ ለክፍሉ ሁሉ ዜሮ አድለው በልጄ ወረቀት ጥግ ላይ «ይህች ልጅ ምክር ያስፈልጋታል» ብለው አስፍረዋል። ስላሰቡላት ዕድሜ ይስጣቸው፤ እኔም ተጨንቄ አረፍተ ነገሩን ቤት ውስጥ ባነብላት አንዲት ፊደል ሳትስት ጻፈችው።

አሁን ሰኞ ይደገማል ተብሏል። እዚያው ክፍል፣ እዚያው ቆርቆሮ ሥር፤ የወደቀ ደግሞ ባለበት ክፍል ይቀራል። ልጄ መስኮት ላይ ተለጥፋ ደመና ስታይ ትውላለች። ዓመት ሙሉ የለፋች ልጅ ዕጣዋ በዝናብ ሊወሰን ነው፤ እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዴ ይጠፋብኛል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አራተኛውን ረሳሁት። ሲመጣልኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እነግርዎታለሁ።

አምስተኛ፤ ኮርኒሱ። እርስዎ ቃል የገቡልን ኮርኒስ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ቀርቷል፤ ልጄ ይህችንም ላም ሰይጣን ብላ እንዳትጽፍብኝ እንጂ። ስለዚህ ኮርኒስ አልለምንም። ኮርኒስ ያለበትን ቤት ነው የምለምነው። የጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ፣ ያ ምንጣፉ እግር የሚውጠው፣ ሰኞ ጠዋት ማንም አይሰበሰብበትም። ልጆቹ እዚያ ይፈተኑልን። ጫማቸውን አስጠርገን እናመጣቸዋለን፤ ይረብሻሉ ብለው እንኳ አይስጉ፣ ራስዎ የሸለሟቸው ናቸው።

መልስዎን ለመስማት ጆሮዋን አቁማ፣ እስከዚያው ዣንጥላዋን ዘርግታ የምትጠብቅ፣ ክብርዎን በቆርቆሮ ሥር ሆና ብትጮኸውም የማይሰማላት፣

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ የአስተማሪዋ ጎረቤት፣ ለጊዜው ደግሞ የአማቷ አሳዳሪ

ሳልልከው የጨመርኩት፤ ትናንት ከእርስዎ ዘንድ አንድ ክራቫት ያሰሩ ሰው መጥተው ወላጆችን ክፍሉ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ሰበሰቡን። ገና «የተከበራችሁ» ከማለታቸው ዝናቡ ዱብ አለ። ከዚያ በኋላ የምናየው ከንፈራቸውን ብቻ ነበር። ልጆቹ በአንድ ላይ ጆሯቸውን ጎተቱ። ሰውየው የተሰደቡ መስሏቸው ቀሉ፤ ጋብ ሲልም «ማነው ይህን ብልግና ያስተማራችሁ?» አሉ። ልጄ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ አልሰማንም ማለታችን ነው። ግን ያሉትን አውቀነዋል፤ ‹በጀት የለም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ታገሱ› ነው ያሉት» አለቻቸው። ለካ ቃል በቃል እሱን ኖሯል ያሉት፤ ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ። እንግዲህ ልጆቻችን ከጽሕፈት ቤትዎ ምንም አልተማሩም አይበሉን።

ሊወጡ ሲሉ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። የአዳራሹን ልመናዬን ጆሯቸው ላይ ብጮህላቸው፣ በዣንጥላዬ ሥር ጠጋ ብለው «እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት የአዳራሹ በር ክፍት ነው፤ እኔ ግን ምንም አላልኩም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ምንም አላሉም። በዚያ ዝናብ ማን ሊሰማ?

ቤት ገብቼ ወሬውን ሳወራ ጎረቤቴም መጥታ ነበር፤ «ፈተናውን የሚያነብላቸውስ?» ለማለት ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየችኝ። አማቷ ከተቀመጡበት ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉና «እኔ አለሁ!» አሉ፤ «ምራቴ ባትመልስልኝም ልጆቹ ይጽፉልኛል።»