በብስክሌት ደረሰልኝ

እሑድ፣ ጥቅምት 9

በብስክሌት ቡኢ ደርሼ ተመለስኩ። ጉልበቴ አላስቸገረኝም... ተመስገን።

እንደተለመደው ሚኒባስ ቆመልኝ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ብስክሌቱን ፖርቶመጋላ ላይ እንጫነው፣ ይግቡ!» አይ፣ ልምምድ ላይ ነኝ አልኩት። «የምን ልምምድ?» ላንጋኖ ላይ ውድድር አለ። ዋና፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ። «ሦስቱንም በአንድ ቀን? ምን አጥፍተው ነው?» ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እውነትም ምን አጥፍቼ ነው?

ማርታም ትጠይቀኛለች። «ሽባባው፣ ከእኔ ነው የምትሸሸው?» ከሚስቴማ አልሸሽም። ለራሴ ግን ልንገረው... ደስ የሚለኝ ስልኬን ማጥፋቱ ነው። ክፍል ውስጥ ስድሳ ሁለት ተማሪ፣ ሰፈር ውስጥ እድር፣ ቤት ውስጥ ዘመድ። የቡኢ መንገድ ላይ ግን ማንም አይጠራኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እዚህ ከተማችን ያለው ሎጅ መዋኛ ገንዳ ርዝመቱ አሥራ ስምንት ሜትር ነው። ውድድሩ ላይ የሚዋኘው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ። አሰላሁት። መቶ ስድስት ጊዜ!

ዛሬ ሃያ ሁለተኛው ላይ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ዘበኛው ዳር ላይ ቆሞ፣ «ሰው ልጥራ?» አለኝ። ዑመይር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ብስክሌት ጠጋኝ ነው፣ አብሮኝ የተመዘገበ ጓደኛዬ። ዝዋይ ስላደገ ውሃ ለሱ ምኑም አይደል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዘነበ። አልሮጥኩም። ሰነፍ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ሊነጋ ሲል ስልኬን አጥፍቼ ወጣሁ። የውድድሩን ዘጠና ኪሎ ሜትር ልሞላ ብዬ ቡኢን አልፌ ጢያ ድረስ ሄድኩ። ስመለስ፣ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ቡኢ መግቢያ ላይ አምስት ስድስት መኪና መብራት አብርቶ ተከታትሎ መጣ። ሠርግ መስሎኝ! ሙዝ እያላመጥኩ እጄን አውለበለብኩላቸው። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ሁለተኛው መኪና ቆመ። ውስጡ የእኛ ሰፈር ሰው ነው። ጋሽ ደስታ፣ በአጥር የምንዋሰናቸው፣ ሌሊት አርፈዋል። ሊቀብሯቸው ወደ ትውልድ መንደራቸው እየሄዱ ነው። እድርተኛው በሙሉ ወጥቷል... እኔ ደግሞ ጭኔ ላይ የተለጠፈ ቁምጣ ለብሼ መሀል አስፋልት ላይ።

ማርታ ወረደች። አስተያየቷን አልጽፈውም። ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። «ስንቴ ደወልኩ መሰለህ» አለች በሹክሹክታ። መኪናው ሁሉ ጢም ብሏል። ነጠላው ጎማ ውስጥ እንዳይገባ በአንድ እጄ እየሰበሰብኩ ተከተልኳቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስገባ ሰው ሁሉ ዞረ። ወጣቶቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እትዬ እቴነሽ፣ የጋሽ ደስታ ባለቤት፣ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በዚያ በለቅሶ ድምፃቸው፣ «እዩት! መኪናው ቢሞላበት በብስክሌት ደረሰልኝ! ለደስታዬ ብሎ!»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። «በብስክሌት ደረሰ!» እያሉ አለቀሱ።

እኔ? ነጠላውን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩና አብሬያቸው ቆምኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ሊቀመንበር ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ጎረቤት ከሆኑ አይቀር እንዲህ ነው!» ማርታ ጎኔ ሆና «እህ እህ» ብላ ሳለች። የምን ጉንፋን... አውቃታለሁ።

ቤት ስንገባ፣ «ንገራቸው» አለችኝ። እነግራቸዋለሁ። ሐዘናቸው ትንሽ በረድ ይበልላቸውና።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

መቶ ስድስት! አንድም ጊዜ ሳልቆም! ዘበኛው አጨበጨበልኝ። እየበረርኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

በራቸው ላይ እትዬ እቴነሽ ከአገና የመጣች እንግዳ ይዘው ቆመዋል። «ያ በብስክሌት የደረሰልኝ እሱ ነው» አሏት። እንግዳዋ እጄን ልትስም ምንም አልቀራት።

ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የጋሽ ደስታ አርባ ሐሙስ ኅዳር 25 ነው። ግን ሰው ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ ዝክሩን ወደ እሑድ ኅዳር 28 አዙረውታል።

ኅዳር 28! የላንጋኖው ቀን!

እትዬ እቴነሽ ራሳቸው በአጥሩ ጠሩኝ። «አንተ ግን ሂድ። ስትለፋ አይቻለሁ።» ዑመይርም፣ «ወላሂ ማንም አይቀየምህም፣ እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል» አለኝ። ልክ ነው። ማርታ ቀና ሳትል ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉም ከፈቀደልኝ ለምንድነው እንቅልፍ ያጣሁት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ዑመይር ብስክሌቱን ጭኖ ሄደ። የእኔ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። አሥር ወር ነው የለፋሁት፣ አሥር ወር! ማንም አላስገደደኝም። ቀረሁ እንጂ ልቤ አርሯል።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ከንጋት ጀምሮ በጄሪካን ውሃ ሳመላልስ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ዑመይር ደወለ። «ውሃው ሻይ ነው የሚመስለው! ልንገባ ነው፣ ዱዓ አድርግልኝ!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ተቀመጥኩና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

እትዬ እቴነሽ ነጭ ሽንኩርታቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ። ከዛሬ የተሻለ ቀን አይመጣም አልኩ።

«እትዬ... ያን ቀን ለቀብሩ አልነበረም የመጣሁት። ማረፋቸውንም አላውቅም ነበር።»

ነጭ ሽንኩርቱን መላጥ አላቆሙም። «አውቃለሁ።»

«ምን?»

«የመጀመሪያው መኪና ውስጥ እኮ ነበርኩ። እጅህን ስታውለበልብልን አይቼሃለሁ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ...»

«ለአንተ ብዬ መሰለህ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ልጆቹ በአንተ ሊስቁ ነበር። በደስታዬ ቀብር ላይ ሰው እንዲስቅ አልፈለግሁም። ይኸው ነው።»

ስንት ቀን ነው በዚህ ሙገሳ ስሸማቀቅ የከረምኩት! ስለ ራሴ ብቻ ሳስብ። ለጋሽ ደስታ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። ጠዋት ጠዋት ስሮጥ በራቸው ላይ ቆመው፣ «በርታ፣ አንድ ቀን እኔም እከተልሃለሁ!» ይሉኝ ነበር። በሰማንያ ዓመታቸው። እኔ እጄን አንስቼ አልፋቸዋለሁ... የሩጫ ሰዓቴን እንዳያበላሹብኝ። አንድ ቀን እንኳ አልቆምኩላቸውም።

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ማርታ ሮጣ መጣች። እትዬ እቴነሽ በእጃቸው ተይው አሏትና ጀርባዬን አሻሹልኝ። በኋላ፣ «በል፣ እሱንም ክተፍ፣ ሰው ሊገባ ነው» አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ዑመይር ደወለ። ጨርሷል። የመጨረሻ ሆኖ፣ እያነከሰ። ድምፁ ተዘግቷል፣ ግን ሲጮህ ማርታ ሳሎን ሆና ሰማችው። ቀናሁበት። በጣም ነው የቀናሁበት።

ነገ እሮጣለሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን የእትዬ እቴነሽን በር አንኳኳለሁ። እንዴት አደሩ ልላቸው።